የአያ በላቸው ምርቃት ማደሪያ

የደጋ አዝሙድ ድርጅትን የኢሜይል ሳጥኖች አፍኖ የያዛቸው ምርቃት ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ሐመልማል ግን አልሳቀችም፤ እንጀራዋ እነዚያ ሳጥኖች እንዳይሞሉ መጠበቅ ነውና። ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከድርጅቱ ቢሮ ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም አንድ ሰርቨር አለ። የሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል የሚያድረው እዚያ ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ሳጥን የምትከፍት፣ ፓስወርድ ለጠፋበት ሌላ የምትሰጥ፣ ሳጥኑ ለጠበበው ቦታ የምታመቻች እሷ ናት። ሥራውን ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣች ነው የያዘችው፤ ትወደዋለችም። ሰው ስለ ሰርቨሯ ክፉ ሲናገር ልጇን የሰደቡባት ያህል ፊቷ ይለዋወጣል።

ድርጅቱን ያቆሙት አያ በላቸው ናቸው። ማክሰኝት ገበያ ላይ ጥቁር አዝሙድ እየሰፈሩ ጀምረው ባሕር ማዶ እስከ መላክ አደረሱት። አሁን አርጅተዋል፤ ሥራ አስኪያጅነቱንም ለወንድማቸው ልጅ ለምንይችል ለቀዋል። ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በየበዓሉና በየሠርጉ ሠራተኛውን መመረቅ። በደህናው ጊዜ ሁሉንም ግቢያቸው ሰብስበው ይመርቁ ነበር። መንገዱ አላስኬድ ሲል፣ ሠራተኛውም በየቅርንጫፉ ሲበተን፣ የልጅ ልጃቸው ፋሲካ በስልኳ ቪዲዮ ትቀርጻቸውና ለሁሉም በኢሜይል ይላካል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ይመርቃሉ። ሸጋ ምርቃት ነው፤ ቪዲዮው ግን ከባድ ነው።

ቪዲዮው አንድ ብቻ ቢሆን ሰርቨሩ ይችለው ነበር። መከራው የመጣው በአሜኑ ነው። ሽማግሌ መርቆ ዝም ማለት በዚህ አገር ነውር ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ አሜን ይላል። አሜን ሲል ደግሞ እንዲሁ መልስ ጽፎ አይተውም። ቪዲዮውን እንዳለ ፎርዋርድ አድርጎ፣ ከላዩ «አሜን! አሜን! አሜን!» ብሎ ጽፎ፣ ለድርጅቱ ሰው በሙሉ ይልከዋል። ይህን ሥርዓት ያስለመዱት የእንፍራንዝ መጋዘን ኃላፊ ወይዘሮ የትነበርሽ ናቸው። «ምርቃቱ በሌለበት አሜን ማለት ምን የሚሉት ነው? ለምኑ ነው አሜን የሚባል?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የነበረው ሰው አልተገኘም። ስለዚህ አንዱ ምርቃት አሜን ባለው ሰው ልክ እየተባዛ በየሳጥኑ ይከመራል። ደምስሱት ቢባል ደግሞ ማን እሺ ብሎ! የሽማግሌ ምርቃት በገዛ እጁ የሚደመስስ ሰው ከወዴት ይመጣል?

የገና ዕለት የተፈራው ደረሰ። እኛ ገናን ስናከብር ፈረንጁ ሥራ ላይ ነው። አንድ የጀርመን ገዢ የድርጅቱን አዝሙድ ለመግዛት ቆርጦ ውሉን ለምንይችል ላከ። የምንይችል ሳጥን በአሜን ጢም ብሎ ነበርና ኢሜይሉ ወደ ላኪው ተመለሰ። ሰውየው ደጋግሞ ሞከረ፣ ሰለቸው፣ ከሌላ አገር ገዛ። ገበሬው አምኖ ያስረከበው አዝሙድ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ቀረ።

ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም። ሲናደድ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚያስፈራውም ያ ነው።

«የቱርኩ ገዢ መልሱን ለከተራ ዕለት ቀጥሮናል» አላት ቢሮው አስጠርቶ። «ይህ ካመለጠን ሌላ ገዢ የለንም። ያን ቀን የሱ ኢሜይል ቢመለስ ሳጥኖቹን በሙሉ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት አስረክባለሁ። ሰርቨሩ ይዘጋል። አንቺም…» አልጨረሰውም።

«ምነው የኔ ጥፋት ይመስላል? ዲስክ ይገዛ ብዬ አፌ እስኪደርቅ አልጠየቅሁም?»

«ለሚዘጋ ሰርቨር ዲስክ አልገዛም።»

«እንግዲያው አያ በላቸውን ይንገሯቸው። ቪዲዮውን ይተዉት ይበሏቸው።»

ምንይችል ቀና ብሎ አያት። «እኔ? አጎቴን፣ ምርቃትዎን ያቁሙ ልበላቸው? ምን ነካሽ አንቺ!»

በሩን ጎተት አድርጋ ዘግታ ወጣች። ሰርቨሩ ተነቅሎ በጭነት መኪና ሲወሰድ፣ እሷም ዶሴዋን ይዛ ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ስትንከራተት ታያት። እንደ እሳት ነደደች። ተቀምጣም የቆዩትን ቪዲዮዎች መደምሰስ ጀመረች፤ መጀመሪያ የያዘችውም ከሁሉ የበለጠ የሞላውን የወይዘሮ የትነበርሽን ሳጥን ነበር።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ።

«የልጄን የሠርጓን ምርቃት ማን ወሰደብኝ?» ወይዘሮ የትነበርሽ እያለቀሱ ነበር። «ሌባ መጋዘኔን ቢሰብር ይሻለኝ ነበር! ሰው እንዴት ምርቃት ይሰርቃል?»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ ነው። አሁኑኑ እመልስልዎታለሁ።»

ከመጠባበቂያው ቅጂ አውጥታ መለሰችላቸው፤ ይቅርታም ጠየቀች። ወሬው ግን ቀድሟት እንፍራንዝን፣ ማክሰኝትንና ጠዳን አዳርሶ ነበር። ምርቃት የምትበትን ልጅ ተባለች። የአንዳንዱ ቅርንጫፍ ሰው ስልክ ስትደውልለት ድምፁ ይቀዘቅዝባት ጀመር።

ከባድ ፋይል ሁሉ እንዳይገባም አግዳ ነበር። ያኔ ግን ቪዲዮው ከሰርቨሩ ደጃፍ ተመልሶ አያ በላቸው እጅ ይገባል። የሳቸው ምርቃት ተመለሰ የተባለ ዕለት ሐመልማል ሥራዋን ብቻ ሳይሆን ጎንደርንም ለቃ መሄድ ነው የሚቀራት። ይህን ስታስብ ያገደችውን ቶሎ ፈታችው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጎረቤቷ ልጁን ክርስትና አስነሥቶ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ግብሩ ሲያበቃ አንድ አዛውንት ተነሡ። ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ፤ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። አዛውንቱ መረቁ፤ ድንኳኑም በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። አዛውንቱ ተቀመጡ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ሐመልማል እጇ ከሳህኑ ሳይነሣ ደርቃ ቀረች። ምርቃቱን ቋጥሮ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው አላየችም። ሰውየው ቆመው መረቁ፣ ሰው መጥቶ ሰማ፣ እዚያው አሜን ብሎ ተነሣ።

«እንዴ!» አለች ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ግን ተነሥታ ጫማዋን እየፈለገች ነበር።

ሰርቨሩ ላይ ብዙ ሰው በጋራ የሚገባበት ሳጥን መክፈት ይቻላል። መጋዘኖቹ የጭነት መልእክት የሚለዋወጡበት አንድ አላቸው። ለምርቃት ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ቪዲዮው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ሰው እየገባ ያየዋል፤ አሜኑንም እዚያው ይጽፋል። አሜን ለብቻዋ ከሆነች ደግሞ ከትንኝ አትከብድም። የቀረው ለአያ በላቸው መንገር ነበር፤ ያን የሚደፍር ከሷ በቀር ሰው እንደሌለ ታውቃለች።

አያ በላቸው በገበያ ቀን ከቤት አይውሉም። ማክሰኝት ስትደርስ ከመጋዘኑ ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ገበሬ ያመጣውን አዝሙድ በመዳፋቸው እያሹ ያሸቱ ነበር። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው።

«እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ምነው በደህና ነው?»

መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ያማረ ንግግር ሁሉ ከአፏ በነነ። «አያ፣ የምርቃትዎ ቪዲዮ ሳጥኖቹን ሞላቸው» አለች። «የጀርመኑ ኢሜይል የተመለሰ በዚያ ነው።»

አዝሙዱ ከመዳፋቸው ፈሰሰ። ገበሬው ወደ አህያው ዞረ።

«የኔ ምርቃት ነው የድርጅቴን በር የዘጋ?»

ሐመልማል «አዎ» ብላ አንገቷን ደፋች።

«ምነው እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝ?»

«ፈራንዎት።»

«እኔን ነው የፈራችሁ? እኔ አሁን ምን የሚያስፈራ ነገር ቀርቶኛል?» ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «ሥራውን ምንይችል ይዞታል፤ በደንብም ይዞታል። እኔ ልጆቼን ከመረቅሁ ይበቃኛል ብዬ ነበር። እሱም ከከበዳችሁ እተዋለሁ። ንገሪያቸው፣ በቃ፣ ትቻለሁ።»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ቢቆጡ በወደደች! ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«አይተዉም! እኔ የመጣሁ ላስተውዎት አይደለም። አያ፣ ድሮ ግቢዎ ሲመርቁ በየሰዉ ቤት ይዞሩ ነበር?»

«ምን ብዬ እዞራለሁ? ሰው ይመጣል እንጂ!»

«አሜኑንስ ሰው ቤቱ ሄዶ ነው የሚል?»

«እዚያው ነዋ፣ በአንድ ላይ!»

«አሁን እኛ እርስዎን በየደጁ ስናዞርዎት ከረምን። አንዱ ተሸክሞ ለሌላው ይሰጥዎታል፣ ያም ለሌላው። ለምርቃትዎ አንድ ቤት ልሥራለት። አንድ ጊዜ ይመርቃሉ፤ ሰው ይገባል፣ ያያል፣ እዚያው አሜን ይላል። የድሮዎቹም አንድ ሳይጎድል እዚያ ይገባሉ።»

አያ በላቸው ጭራቸውን ከጭናቸው አነሡ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ አንሶ «ሰው ባይመጣስ?» አሉ።

ሐመልማል ይህን አላሰበችውም ነበር። እስካሁን ምርቃታቸው በየሳጥኑ እየገባ ነበር ሰውን የሚያገኘው፤ የመጣ ያልመጣው አይለይም። ቤት ተሠርቶ ሰው ከቀረ ግን ባዶነቱ ይታያል፤ የሚያፍሩት ደግሞ እኒህ ሽማግሌ ናቸው።

«ይመጣል» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

አላወቀችም። «እርስዎ ይጥሩታ! እርስዎ የጠሩት ሰው መቼ ቀርቶ ያውቃል?»

አያ በላቸው ትክ ብለው አይዋትና ሳቁ። «በይ እንግዲያ ሸጋ አድርገሽ ሥሪው። ደጁን ሰፋ አድርጊው።»

ሠራችው። «የአያ በላቸው ግቢ» ብላ ሰየመችው። የቆዩትን ምርቃቶች ከየሳጥኑ እየለቀመች፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ ግቢው ውስጥ አስቀመጠች። በየሳጥኑ የተከመረውን ያወጣችው ግቢው ውስጥ ያለው በደንብ መከፈቱን እያየች ነበር። የሠርጉን ምርቃት ከሁሉ አስቀድማ አስገባችው። በዚህ ጊዜ ያጉረመረመ አልነበረም፤ አያ በላቸው ራሳቸው በየቅርንጫፉ ደውለው «ምርቃቶቼን ሰብስቤ ግቢዬ አስገብቻቸዋለሁ» ብለዋላ። ለከተራም ጥሪያቸውን አስጻፉ፦ «ግቢዬ ኑ። መግቢያውን ሐመልማል ታሳያችኋለች። ምርቃቴን ተሸክማችሁ አትዙሩ፤ እዚያው አሜን በሉ።»

ከተራ ደረሰ። ጎንደር ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ነበር። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ እልልታው በቢሮው መስኮት ይገባል። ሐመልማል የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ብቻዋን ከኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። የከተራው ቪዲዮ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ሰው የለም።

አያ በላቸው ደወሉ። «ሰው ገባ?»

«ገና ነው አያ። በዓሉ ላይ ናቸው።»

ቆይተው እንደገና ደወሉ፤ አሁንም ገና ነበር። በሦስተኛው አልጠየቁም፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝም አሉ፣ ከዚያ ዘጉት። ሐመልማል ልቧ ተሰበረ። ለራሷ የነበራት ፍርሃት ሁሉ ጠፍቶ የሽማግሌው ዝምታ ብቻ ቀረባት። ምን ዓይነት ድፍረት ነው ይመጣል ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት፣ ብላ ራሷን ረገመች። ምንይችልም በመሀል ደውሎ ነበር፤ ከቱርኩ ምንም አልመጣም።

ስልኩ እንደገና ሲጠራ እንፍራንዝ መሆኑን አየች። ወይዘሮ የትነበርሽ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ግቢ በሩ ወዴት ነው? ስልኬን ባገላብጠው ባገላብጠው ምንም አይታየኝ!»

ሐመልማል ብድግ አለች። «እትዬ፣ የራስዎን ሳጥን ይክፈቱ። ከስሙ ሥር ሌላ ስም አለ፤ እሱን ይንኩት።»

«ቆይ… ቆይ… አየሁት! ውይ! የልጄ ሠርግም እዚህ አለ! ኧረ ሁሉም እዚህ ነው!» ከዚያ ቪዲዮውን ከፈቱት። በስልኩ ውስጥ የአያ በላቸው የምርቃት ድምፅ ተሰማ፤ ወይዘሮ የትነበርሽም ከሥር ከሥሩ አሜን ይላሉ። ሲያበቃ፣ «የመጣሁ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሌሎቹስ ወዴት ሄደው ነው? ሽማግሌ ጠርቶ! ቆይ ብቻ!» ብለው ዘጉት።

ምን እንዳሉ፣ ማንን እንደ ተቆጡ እግዜር ይወቀው። ትንሽ ቆይቶ ከጠዳ አንድ አሜን ገባ። ከማክሰኝት ሌላ ተከተለ። የድርጅቱ ሾፌር አላምረው ታቦት እያጀበ ሳለ ጽፎ ላከ። ከዚያማ ማን ይቆጥረዋል! አሜን በአሜን ላይ ይዘንብ ጀመር፤ አንድ ቃል፣ አንድ ስም፣ ሌላ ምንም የለበት። ፎርዋርድ ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም። የምንይችልን ሳጥን ስፋት አየች፤ እንደ ተጠረገ አውድማ ወለል ብሏል። ሐመልማል ብቻዋን ሳቀች።

እየሳቀች ሳለ ነው የቱርኩ መልእክት የደረሰ። የሰርቨሩ መዝገብ ላይ የላኪውን አድራሻ አየች፤ ከባድ ሰነድ ተሸክሟል። ቀጥ ብሎ ገባ። እሺ ይሁን እምቢ አታውቅም፤ የሰው ኢሜይል ከፍታ አታነብም። ግን ገብቷል፤ የሷ ሥራ ማድረስ ነው፣ አድርሳለች። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

ምንይችል ሲደውል ከኋላው ከበሮና እልልታ ይሰማ ነበር። ያ ዝቅ የሚለው ድምፁ የት እንደ ገባ እንጃ፤ ይጮኻል። «ሐመልማል! ገባ! ፈርመው ልከውታል! መጋዘን ያለውን በሙሉ ይገዛሉ!»

«እንኳን ደስ ያለዎት!»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን! ስሚ፣ ሰርቨሩ የትም አይሄድም። ሳጥኖቹ አንቺው ጋር ይቆያሉ። ዲስኩንም የሚያስፈልግሽን መርጠሽ አምጪልኝ።»

ስልኩን ዘግታ ለአያ በላቸው ደወለች። «ሰው ገባ አያ» አለች። «ሁሉም ገባ። ቤቱ ሞልቷል። የቱርኩም ገባ።»

በዚያኛው በኩል ሽማግሌው «ፋሲካን ጥሩልኝ፣ ስልኳን ይዛ ትምጣ» ሲሉ ተሰማ፤ ሰላም እንኳ ሳይሏት ዘጉት።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ ሁለተኛ ቪዲዮ ተቀመጠ። ሐመልማል ከፈተችው። አያ በላቸው ቆመው ነበር፤ ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«ሌላ ምርቃት አለኝ» አሉ። «ይሄ ለልጄ ለሐመልማል ነው። የሰውን ቃል ሳታጎድል እንዳደረሰች እሷንም ያሰበችው ቦታ ያድርሳት። እኔን ሽማግሌውን ከልጆቼ እንዳገናኘች እሷንም ከምትወደው ሁሉ ያገናኛት። የገባችበት በር አይዘጋባት። እጇ የነካው ይለምልም። ክፉ አይንካት። አሜን በሉልኝ።»

አሜኑ መጣ። የእንፍራንዙ ቀደመ፤ ከሥሩም «ልጄ» ተብሎ ተጽፎበታል። የጠዳው ቀጠለ፣ የማክሰኝቱ፣ የአላምረው። ምንይችልም ጻፈ። ሐመልማል እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገው ሌላ ይተካል። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ምርቃት ስታስተናግድ ኖራለች፤ በስሟ የተጠራ ምርቃት ግን እስከ ዛሬ አልደረሳትም ነበር።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ፣ ሰው በሌለበት ቢሮ ቆመች። «አሜን» አለች። ጮክ ብላ ደገመችው። ከዚያ ተቀምጣ ጻፈችው፤ በዚያን ዕለት ወደ አያ በላቸው ግቢ ከገቡት ሁሉ የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።